ስምንት ፉርጎና ሦስት ሐዲድ

ሰው ችግርን ይሸሻል ይባላል። ዳገት የሰለቸው መንገድ ይጠርጋል፤ ሸክም የከበደው አህያ ይጭናል፤ ውኃ መቅዳት የመረረው ቧንቧ ያስገባል። ሥልጣኔ የምንለው ነገር በአብዛኛው ችግርን ከደጃፍ የማባረር ታሪክ ነው ቢባል ብዙም ከእውነት አይርቅም። እንግዲያው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ማታ ቤቱ ከገባና እራቱን ከበላ በኋላ፣ በገዛ ፈቃዱና በገዛ ገንዘቡ አንድ ችግር ሠርቶ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ከዚያም ከዚያው ችግር ጋር ሲታገል የሚያመሽ ሰው ምን ሊባል ነው? እብድ ነው እንዳንል ጤነኛ ነው፤ ልጅ ነው እንዳንል ጸጉሩ ሸብቷል።

የምናገረው ስለ ሞዴል ባቡር ሠሪዎች ነው። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ፣ በጀርመንና በጃፓን እውነተኛውን ባቡር ሰባ ስድስት ወይም ሰማንያ ሰባት ጊዜ አሳንሰው፣ ሐዲዱን፣ ጣቢያውን፣ ዛፉን፣ ፋኖስ የያዘውን ሠራተኛ ሳይቀር በልኩ አሰናድተው በኤሌክትሪክ የሚያስኬዱ አዋቂዎች ብዙ ናቸው። ቦታ የተረፈው ምድር ቤቱን በሙሉ ተራራና ዋሻ ያደርገዋል። ቦታ ያጣው ግን፣ ማለትም በከተማ አፓርታማ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ብቻ ያለችው፣ ሌላ ዘዴ አለው። የትም የማይሄድ ባቡር ይሠራል።

አዎን፣ የትም የማይሄድ። የጭነት ባቡር ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ፉርጎዎቹ በየመድረሻቸው ተራ መቀጣጠል አለባቸው። በመጀመሪያው ጣቢያ የሚቀረው ፉርጎ መካከል ላይ ከተሸጎጠ እዚያ ሲደርሱ መከራ ነው። ስለዚህ በጣቢያው ግቢ ውስጥ አንድ ሎኮሞቲቭ ወደፊትና ወደኋላ እያለ፣ አንዱን ከሌላው እየለየ፣ ወደ ጎን ሐዲድ እያስገባና እያወጣ ያሰልፋቸዋል። ቦታ ያጣው ሞዴል ሠሪ ከባቡር ሕይወት ውስጥ ይህን አንድ ሥራ ብቻ ነጥሎ ይወስዳል። ጉዞውን ትቶ መሰናዶውን ይሠራል።

ከእነዚህ ትንንሽ ግቢዎች መካከል ስሙ የገነነው፣ አላን ራይት የተባለ እንግሊዛዊ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ የነደፈው «ኢንግልኑክ ሳይዲንግስ» ነው። ኢንግልኑክ ማለት በድሮው የእንግሊዝ ቤት ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ያለችው ሙቀት የማይለያት መቀመጫ ናት። ስሙ ለነገሩ ይስማማዋል፤ ርዝመቱ አራት ጫማ፣ ወርዱ አንድ ጫማ ያህል ነበርና ከአንዲት አግዳሚ ወንበር አይበልጥም።

ፕላኑን ለማንበብ መሐንዲስ መሆን አያሻም። አንድ ሐዲድ ይመጣና እንደ መንሽ ጣቶች ለሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ጣት አምስት ፉርጎ ይይዛል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሦስት ሦስት። የሦስቱም ጫፍ ዝግ ነው። የመንሹ እጀታ፣ ማለትም ሦስቱ የሚገናኙበት ሐዲድ፣ እሱም ጫፉ ዝግ ሆኖ ሎኮሞቲቩንና ሦስት ፉርጎዎችን ብቻ ያስቆማል። ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው የሚዛወር ፉርጎ ሁሉ መጀመሪያ ወደዚህ እጀታ መሳብ ስላለበት «መሳቢያ ሐዲድ» እንበለው። በግቢው ውስጥ ስምንት ፉርጎ አለ። ተጫዋቹ የስምንቱን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ባርኔጣ ውስጥ ይጨምርና አምስት ዕጣ ያወጣል። አምስቱን ፉርጎዎች በወጡበት ተራ በረጅሙ ሐዲድ ላይ አሰልፎ ማቆም፣ ጨዋታው ይኸው ነው።

ስምንት ፉርጎ፣ ሦስት ሐዲድ፤ ከዚህ ያነሰ ምን አለ? ሆኖም ከስምንት አምስቱን በተራ ማሰለፍ የሚቻለው በ6,720 ዓይነት መንገድ ነው፤ ስምንትን በሰባት፣ በስድስት፣ በአምስትና በአራት ማባዛት ነው። በየማታው አንድ አንድ ባቡር የሚያሰልፍ ሰው ሁሉንም ለማዳረስ ከ18 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ፉርጎዎቹን ወደ አምስት፣ የሚሰለፉትን ወደ ሦስት ብናወርዳቸው ግን ቁጥሩ ወደ 60 ያሽቆለቁላል፤ በሁለት ወር ያልቃል። የነዳፊው ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሦስቱ ሐዲዶች በድምሩ 11 ፉርጎ ይይዛሉ፤ ያለው 8 ነው። ራይት ሦስት ባዶ ቦታ ብቻ ተወ። ጨዋታው ያለው በፉርጎዎቹ ውስጥ አይደለም፤ በእነዚያ ሦስት ባዶ ቦታዎችና በአጭሩ መሳቢያ ውስጥ ነው።

የእንግሊዙ ዕቃ እኔ ዘንድ የለም፤ እንደ እውነቱ ከሆነም የግድ አያስፈልግም። ሐዲዱን በወረቀት ላይ በእርሳስ አሰመርኩ፤ በስምንት የክብሪት ቀፎ ላይ ቁጥር ጻፍኩ፤ ሎኮሞቲቩ ላጲስ ሆነ። በረጅሙ ሐዲድ ላይ ከ1 እስከ 5፣ በሁለተኛው ላይ ከአፉ ወደ ውስጥ 6፣ 7 እና 8 ቆመዋል፤ ሦስተኛው ባዶ ነው። ዕጣው መጀመሪያ 7ን፣ ቀጥሎ 8ን ጠራ እንበል። 7 ከ6 በስተጀርባ ነው። ስለዚህ 6ንና 7ን አንድ ላይ ስቤ አወጣለሁ፤ ወደ ሦስተኛው ሐዲድ ገፍቼ 7ን እዚያ ፈትቼ እተወዋለሁ፤ 6ን ይዤ ተመልሼ 8 ፊት አቆመዋለሁ። እንደገና 6ንና 8ን አወጣለሁ፤ 8ን ከ7 ጋር አያይዤ 6ን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። እስከዚህ ያምራል። ነገር ግን ባቡሩ መቆም ያለበት በረጅሙ ሐዲድ ላይ ነው፤ ረጅሙ ደግሞ በሌሎች አምስት ጢም ብሎ ሞልቷል። እነሱን ለማስወጣት ቦታ ያስፈልጋል፤ ያ ቦታ ደግሞ በከፊል አሁን ያሰለፍኳቸው የቆሙበት ነው። ሥርዓት ለማስያዝ ሥርዓት የያዘውን መነካካት ይመጣል ማለት ነው።

ሁለት ሦስት ማታ እንዲህ ያመሸ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። በጠባብ ቦታ ውስጥ ለብቻው የሚንቀሳቀስ የለም። 7 እንዲሄድ ምንም ያላጠፋው 6 መነሣት አለበት። ሰፊ ቦታ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ሳይተዋወቁ በኖሩ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይህ ለእኛ የማታ መዝናኛ የሆነው ነገር ለሌላ ሰው የቀን እንጀራ ነበር፤ ያውም መራራ እንጀራ። በአሜሪካ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ፉርጎ የሚያያይዘው ሠራተኛ በሁለት ፉርጎዎች መካከል ገብቶ የብረቱን ካስማ በእጁ ይሰካ ነበር። ጣቱን ያጣው፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ተጨፍልቆ የሞተው ብዙ ነው። የአገሪቱ ምክር ቤት ፉርጎዎች ሰው መካከላቸው ሳይገባ በራሳቸው የሚያያዙበት መሣሪያ እንዲገጠምላቸው በሕግ ያስገደደው በ1893 ነው። ባቡር ኩባንያዎች በበኩላቸው ይህን ሥራ ለመቀነስ ያላደረጉት ጥረት የለም። በታላላቅ ግቢዎች ጉብታ ሠርተው ፉርጎዎቹ በራሳቸው ክብደት እየተንሸራተቱ ወደየሐዲዳቸው እንዲገቡ አደረጉ። ኮንቴይነር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ባቡሩ ከወደብ እስከ መድረሻው ሳይበተን እንዲሄድ ማድረግ ተለመደ።

እኛም አገር ቢሆን ለዚህ ነገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለንም። ፉርጎ የሚለው ቃላችንም ሆነ ለገሃር የሚለው የሰፈር ስማችን ከፈረንሳይኛ የመጡት በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ከደረሰው ከጅቡቲው ባቡር ጋር ነው። በለገሃር፣ በድሬዳዋና በየጣቢያው ፉርጎ ሲፈቱና ሲያያይዙ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አባቶች የነበሩን ሰዎች ነን። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ሌላ ሐዲድ፣ ሌላ ጣቢያ ነው፤ በድሮው ለገሃር ግቢ የነበረው ያ የብረት ግጭት ድምፅ ዛሬ የለም። ታዲያ እነዚያ ሰዎች በፀሐይና በብርድ የሠሩትን ሥራ በክብሪት ቀፎ መጫወት በድካማቸው መቀለድ አይሆንም ወይ?

በእኔ በኩል አይሆንም ባይ ነኝ። ገበጣ የሚጫወት ገበሬን አይንቅም፤ ሰንጠረዥ የሚጫወትም በዘማች አይቀልድም። ከዚህም በላይ ጨዋታው የሠራተኛውን ጣት ሳይወስድ የሠራተኛውን ጭንቅላት ያሳየናል። ጉልበት ብቻ ይጠይቃል ብለን የምናስበው ሥራ ምን ያህል ማስላት እንደነበረበት የሚገባን ስምንት ቀፎ ይዘን ስንቸገር ነው። ነገር ግን ልዩነቱን መርሳት የለብንም። እኔ ሲሰለቸኝ ላጲሱን አስቀምጬ እተኛለሁ። የግቢው ሠራተኛ ተነሥቶ መሄድ አይችልም ነበር፤ ከሄደም እንጀራው አብሮት ይሄዳል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ከሞዴል ሠሪዎቹም መካከል በዚህ ነገር የተከፋፈሉ አሉ። በካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ከተማ ይኖር የነበረው ጆን አለን፣ ስሙ ጮክ ተብሎ ሲነበብ «የደማና የተሸነፈ» የሚል ትርጉም የሚሰጥ ታላቅ የሞዴል ባቡር ዓለም በቤቱ የገነባ ሰው ነበር። ይኸው ሰው በኅዳር 1972 (እ.ኤ.አ.) «ሞዴል ሬይልሮደር» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ አንዲት ትንሽ ፕላን አወጣ። ስሟን «ታይምሴቨር» አላት፤ ጊዜ ቆጣቢ ማለት ነው። አምስት የሐዲድ መለያያ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚያዩ አጫጭር የጎን ሐዲዶች፣ መካከል ላይ ሎኮሞቲቩ ፉርጎውን ዞሮ ወደ ሌላው ጫፉ የሚሄድበት ጠባብ ማለፊያ ነበራት። እንግዶቹ በሰዓት እየተለኩ ይወዳደሩባት ነበር። አለን በጥር 1973 ሞተ፤ በቀናት ውስጥ ያ ታላቅ ዓለሙ በእሳት ወደመ። ትንሿ ፕላን ግን እርሳስ የያዘ ሁሉ ሊስላት ይችላልና እስከ ዛሬ አለች።

ተቺዎቿ እንዲህ ይላሉ። የትኛውም ጤነኛ ባቡር ኩባንያ እንዲህ ያለ ግቢ አይሠራም። ሠራተኛውን በከንቱ የሚያደክም፣ ነዳጅ የሚያቃጥል፣ ጊዜ የሚበላ ግቢ ለምን ይሠራል? ስለዚህ ችግሩ የውሸት ነው፤ የባቡር ሞዴል ሳይሆን የእንቆቅልሽ ሰሌዳ ነው። እውነተኛ ግቢ መርጣችሁ እሱን አሳንሱ፤ ያን ጊዜ የምታገኙት ችግር ከሥራው የመጣ እንጂ ሆን ተብሎ የተጠመደ አይሆንም። ደጋፊዎቹ ደግሞ፣ መደርደሪያችን ትንሽ ናት፣ በትንሽ ቦታ ብዙ ማምሸት የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ነው፣ ብለው ይመልሳሉ።

ተቺዎቹ ስለ እውነተኛው ግቢ የሚሉት ትክክል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ችግሩ የእውነት ነው የውሸት ነው የሚለው አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ልዩነት ነው፤ እሱን ለማየት ነዳፊው በወረቀቱ ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ማየት ያስፈልጋል።

ነዳፊው መጀመሪያ የሚለካው ፉርጎውን ነው። አርባ ጫማ የሆነው የአሜሪካ ፉርጎ በሰማንያ ሰባት ሲካፈል 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የድሮው የእንግሊዝ አጭር ፉርጎ በሰባ ስድስት ሲካፈል ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ነው። የራይት ግቢ በአራት ጫማ ውስጥ የገባችው ፉርጎዎቿ አጫጭር ስለሆኑ ነው። ከዚያ የመሳቢያው ሐዲድ ይለካል። ሎኮሞቲቩና ሦስት ፉርጎዎች ቆመው የመጨረሻው ፉርጎ ከመለያያው ማለፍ አለበት። በአንድ ሳንቲ ሜትር ቢያጥር መንኮራኩሩ መለያያው ላይ ይቀርና ሐዲዱን ማዞር አይቻልም፤ ሦስት ተብሎ የታሰበው ሁለት ይሆናል። በሌላ በኩል መሳቢያው ስምንቱንም እንዲይዝ ቢረዝም ጨዋታው ጣዕሙን ያጣል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው ሥራው።

ቀጥሎ የጎን ሐዲዶቹ አቅጣጫ ይመጣል። ፉርጎ ከኋላው ያስከተለ ሎኮሞቲቭ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ፣ የጎን ሐዲዱ አፍ በቀኝ፣ ዝግ ጫፉ በግራ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። አፉን ያልፋል፤ ወደኋላ ይላል፤ ፉርጎውን ገፍቶ አስገብቶ ይሄዳል። አፉ በግራ፣ ዝግ ጫፉ በቀኝ ከሆነስ? ሎኮሞቲቩ ቀድሞ ይገባና ራሱ ከዝግ ጫፉና ከፉርጎው መካከል ታስሮ ይቀራል። እዚያ ፉርጎ ትቶ ለመውጣት ከፉርጎው ኋላ መዞር አለበት፤ ለመዞር ደግሞ የማለፊያ ሐዲድ ያስፈልጋል። ማለፊያው ካለ ነገሩ ከባድ ነው፤ ይቻላል ግን። ማለፊያው ከሌለ አይቻልም። ብልህ ይሁን ሞኝ፣ ትጉ ይሁን ሰነፍ፣ እስከ ንጋት ቢቀመጥም አይቻልም።

አንባቢዬ፣ ይህችን ነጥብ ልብ በልልኝ፤ የጽሑፌ ማዕከል እሷ ናት። ከባድ ግቢና የማይቻል ግቢ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። በሁለቱም ላይ የተቀመጠው ተጫዋች ግንባሩን ቋጥሯል። በሁለቱም ላይ ይሞክራል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ይሞክራል። አጠገቡ ቆሞ የሚያይ ሰው አንዱን «ጎበዝ፣ በርታ» ሌላውን «ምነው ፈዘዝክ» ሊለው ይችላል። መውጫ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ማወቅ የሚገባውና የሚችለው ፕላኑን የነደፈው ብቻ ነው። ሳይመን ብላክበርን የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ምሁር በ2019 ባሳተመው ጥናት ከራይት ግቢ ዓይነት የሆኑትን ይዞ የመረመረው ይህንኑ ነበር፤ የትኛውም ተራ ቢታዘዝ ሁልጊዜ መፍትሔ እንዲኖር ምን መሟላት አለበት የሚለውን። የራይት መጠን ፈተናውን ያልፋል። ከ6,720ዎቹ ባቡሮች መካከል ሊሰለፍ የማይችል አንድም የለም። ስለዚህ ራይት ተጫዋቹን ያስጨንቀዋል እንጂ አይዋሸውም።

አሁን ከጠረጴዛው እንነሣ። በእኛ ዘንድ ችግር ብልሃት ያስተምራል ይባላል። በጠባብ ቤት አድገው ለወግ ለማዕረግ የበቁ ሰዎች ሲወደሱ፣ ምስጋናው ቀስ እያለ ከሰዎቹ ወደ ጥበቱ ሲሸጋገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አክስቴ አምስት ልጆች ያሳደጉት በአንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ቀን ቀን ፍራሾቹ ተጠቅልለው አልጋው ላይ ይቆለላሉ፤ ማታ ሲዘረጉ ወለሉ አይታይም። የመኝታ ተራ ነበራቸው። ማልዶ የሚወጣው በር ዳር ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ የሚማረው ወደ ውስጥ። ሌሊት ውጭ መውጣት የፈለገ ሦስት ሰው ይቀሰቅሳል። ያ ሁሉ ሥርዓት የአክስቴ ጥበብ ነበር፤ ምናልባት ከራይት ይበልጣሉ፤ እሳቸው የመሳቢያ ሐዲድ እንኳ አልነበራቸውም።

ከአምስቱ አራቱ ተማሩ። ዘመድ ሲሰበሰብ «እንዲያ ሆነው ባያድጉ እንዲህ ባልሆኑ ነበር» ይባላል። አምስተኛው፣ የመጀመሪያው ልጅ፣ ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጧል። ማታ ማታ መብራት ሲበራ ትንንሾቹ አይተኙም፤ ስለዚህ መብራት ቶሎ ይጠፋል፤ እሱ ደግሞ ቀን እናቱን ይረዳ ስለነበር የሚያጠናው ማታ ብቻ ነበር። ስለ እሱ ሲወራ ጥበቱ አይነሣም። «ትምህርት አልገባው አለ» ነው የሚባለው። ሒሳቡን ተመልከቱ። የተሳካላቸውን አራቱን ያስተማራቸው ጥበቱ ሆነ፤ ያልተሳካለትን አንዱን ያወደቀው ራሱ ሆነ። ጥበቱ ከሁለቱም በኩል ተመስግኖ ወጣ። ለአራቱ ግቢው ከባድ ነበር፤ ለእሱ የማይቻል ነበር። ከውጭ ግን አንድ ይመስሉ ነበር።

ጥበትን የሚያወድስ ሰው ሁሉ ይዋሻል አላልኩም። ልኬት ለግጥም፣ ሕግ ለጨዋታ፣ ጾም ለጿሚ የሚሰጡትን ነገር አውቃለሁ። ገደብ የሌለው ነገር እንደሚፈስ ውኃ ነው። ነገር ግን ለሌላው ሰው ገደብ የሚያበጅ፣ ወላጅም ይሁን አስተማሪ፣ ሕግ አውጪም ይሁን አሠሪ፣ ከባቡር ነዳፊው ሦስት ነገር ሊማር ይገባዋል እላለሁ።

አንደኛው፣ መውጫ እንዳለ ማረጋገጥ ነው፤ ይኖራል ብሎ መገመት አይበቃም። ሁለተኛው፣ የነደፈውን ራሱ መጫወት ነው። ሞዴል ሠሪ ሐዲዱን በምስማር ከመምታቱ በፊት ፕላኑን በወረቀት ላይ በካርቶን ቁራጭ ይሞክረዋል፤ የማይወጣ ከሆነ መቀየር የሚቻለው ያኔ ነው። ሦስተኛው፣ ተጫዋቹ ተነሥቶ መሄድ መቻሉ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ልዩነት ይህ ነው። በፈቃዱ የተቀመጠ ሰው ከባድ ነገር ቢሰጠው ክብር ነው። መነሣት የማይችል ሰው ግን ከሆነ፣ ልጅ እንደሆነ፣ ችግረኛ እንደሆነ፣ ሦስተኛው ዋስትና ስለቀረበት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዕዳ በእጥፍ ይከብዳል።

«ሕይወት የባቡር ፕላን አይደለችም፤ ነዳፊዋም ሰው አይደለም፤ መውጫ መኖሩን ማን ሊያረጋግጥ ይችላል?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት አለው። ድርቅን የነደፈ ሰው የለም፤ በሽታንም እንዲሁ። እዚያ ላይ ሰው የሚችለውን ታግሎ የቀረውን ለፈጣሪው ይተዋል። ነገር ግን ከሚያስጨንቁን ጥበቶች ስንቶቹ በሰው እጅ የተሰመሩ ናቸው? የክፍሉን ወርድ የለካው ሰው ነው። የፈተናውን ሰዓት የቆረጠው ሰው ነው። መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ አምጣ፣ መሸኛ ለማውጣት መታወቂያ አምጣ የሚለውን መመሪያ የጻፈው ሰው ነው። ይህ የመጨረሻው፣ አፉ ወደ ግራ የሆነ፣ ማለፊያ የሌለው ሐዲድ አይደለምን? ባለጉዳዩ ከመስኮት ወደ መስኮት ሲመላለስ ይውላል፤ ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለው ሰው ደግሞ «ሰዉ እኮ መመሪያ አያነብም» ይላል። መመሪያውን የጻፈው ሰው አንድ ቀን የራሱን ጉዳይ ይዞ፣ ሳይታወቅ፣ ከዚያ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቢቆም ኖሮ ማለፊያ መጨመሩ አይቀርም ነበር።

የራይት ፕላን ትንሽነት የሚያስገርመውን ያህል፣ ትንሽነቱ የሚቆምበት ቦታም ያስገርማል። ስምንት ፉርጎ የሚያቆመው ሰው ስምንት ቦታ ብቻ መሥራት ይችል ነበር። አሥራ አንድ አድርጎ ተወው። የቀሩት ሦስቱ ለማንም ፉርጎ የተመደቡ አይደሉም፤ ፉርጎዎቹ ሁሉ እንዲንቀሳቀሱ የተተዉ ናቸው። በአክስቴ ቤት ውስጥ የጎደለው ይህ ነበር። ብልሃትም ፍቅርም አልጎደለም። አንድ መብራትና አንድ ልጅ የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ ነበር የጎደለው።

ስለዚህ በጠባብ ቤት አድጎ የተሳካለትን ስናይ እናመስግነው፤ ይገባዋል። ምስጋናው ግን የሰውየው እንጂ የቤቱ አይሁን። ያልተሳካለትንም «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ጎንበስ ብለን ሐዲዱን እንይለት፤ ማለፊያው አለ ወይ? ከሌለ፣ እሱን መምከሩን ትተን ግቢውን እናስፋ።